ትዕዛዝ ሞልቶ ቁጥር ያለቀባቸው ፋብሪካዎች

አንድ ፋብሪካ ሥራ የሚያቆመው ጥሬ ዕቃ ሲያጣ፣ መብራት ሲጠፋበት ወይም ገበያ ሲቀዘቅዝበት እንደሆነ ይታወቃል፡፡ ጥሬ ዕቃው በመጋዘን ሞልቶ፣ ደንበኛው ገንዘቡን ይዞ እየጠበቀ፣ ሠራተኛውም ማሽኑ ፊት ቆሞ ሳለ፣ ለአዲሱ ትዕዛዝ የሚሰጥ ቁጥር በመታጣቱ ብቻ ሥራ ሊቆም ይችላል ቢባል ግን ለብዙዎች ቀልድ ይመስላል፡፡ ነገሩ ቀልድ አይደለም፡፡ ከ30 እና ከ40 ዓመታት በፊት በተጻፈ የማምረቻ ሶፍትዌር እስከዛሬ የሚሠሩ የአሜሪካና የአውሮፓ ፋብሪካዎች ቀድመው ካላሰቡበት አንድ ቀን በራቸውን የሚያንኳኳ ችግር ነው፡፡

የሥራ ትዕዛዝ ቁጥር ለፋብሪካ ከመታወቂያ ወረቀት አይተናነስም፡፡ ብረቱ ከመጋዘን የሚወጣው በዚያ ቁጥር ነው፡፡ የሠራተኛው ሰዓት የሚመዘገበው፣ የጥራት ተቆጣጣሪው ፊርማ የሚያርፈው፣ ሒሳብ ክፍል ወጪውን የሚሰበስበው፣ ዕቃው ተጭኖ ሲወጣም ሰነዱ የሚዘጋጀው ያንኑ ቁጥር ተከትሎ ነው፡፡ ቁጥር የሌለው ትዕዛዝ ኮምፒዩተሩ ዘንድ የለም፡፡ ኮምፒዩተሩ ዘንድ የሌለ ትዕዛዝ ደግሞ የመጋዘን ኃላፊውም ዘንድ የለም፤ አንዲት ብሎን አያወጣለትም፡፡

የእነዚህ ሶፍትዌሮች ትውልድ የማስቀመጫ ቦታ እንደ ወርቅ ይቆጠብ ከነበረበት ዘመን ይመዘዛል፡፡ አንድ የመረጃ ካርድ 80 ዓምድ ብቻ ነበረው፡፡ የደንበኛው መለያ፣ የዕቃው ኮድ፣ ብዛቱ፣ ዋጋውና ቀኑ በዚያችው ካርድ ላይ ሊሰፍሩ ስለሚገባ፣ ለትዕዛዝ ቁጥር 6 ቦታ የሰጠ ፕሮግራመር ለጋስ ነበር ማለት ይቻላል፡፡ ካርዱ ቀርቶ ዲስክ ሲመጣም ልማዱ አልቀረም፡፡ አይቢኤም ለመካከለኛ ፋብሪካዎች ያቀረበው ማፒክስ፣ እ.ኤ.አ. በ1977 በዴንቨር የተቋቋመው ጄዲ ኤድዋርድስ ያዘጋጀው ሶፍትዌርና ሌሎችም መሰሎቻቸው፣ በተለይ እ.ኤ.አ. በ1988 ገበያ ላይ በዋለው ኤኤስ 400 በተባለው የአይቢኤም ኮምፒዩተር አማካይነት በሺዎች በሚቆጠሩ ፋብሪካዎች ውስጥ ገቡ፡፡ በዚህ ዓይነት ሶፍትዌሮች ለትዕዛዝ 6፣ 7 ወይም 8 ቦታ መስጠት የተለመደ ነበር፡፡

ከዚያ ወዲህ የተቀያየረው ባለቤቱ ነው፡፡ ማፒክስ ከእጅ ወደ እጅ አልፎ እ.ኤ.አ. በ2005 ኢንፎር በተባለ ኩባንያ ተገዝቷል፡፡ ጄዲ ኤድዋርድስም እ.ኤ.አ. በ2003 ወደ ፒፕልሶፍት፣ በ2005 ደግሞ ከነገዢው ወደ ኦራክል ገብቷል፡፡ በእነዚህ ሽያጮች ሁሉ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ሲንቀሳቀስ፣ ፋብሪካው ምድር ቤት ያለው አሮጌ ፕሮግራም ግን በዚያው በጠባቡ ቦታው ላይ መቁጠሩን ቀጥሏል፡፡

ሒሳቡ

6 አሃዝ ያለው ቁጥር ከ000001 ጀምሮ እስከ 999,999 ይሄዳል፡፡ በቀን 100 የሥራ ትዕዛዝ የሚያወጣና በዓመት 300 ቀን የሚሠራ ፋብሪካ በዓመት 30,000 ቁጥር ይጨርሳል፡፡ በዚህ አካሄድ ቁጥሩ የሚያልቀው ከ33 ዓመታት በኋላ ነው፡፡ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ለነበረ ፕሮግራመር 33 ዓመት የዘለዓለም ያህል ነበር፤ ሶፍትዌሩ ያን ያህል ዕድሜ ይኖረዋል ብሎ የጠበቀም አልነበረም፡፡ ሊወቀስ አይገባውም፡፡

ሒሳቡን ያፋለሰው በመሃል የመጣው የአሠራር ለውጥ ነው፡፡ ቀድሞ 500 ፍሬ በአንድ ትዕዛዝ ይመረት ነበር፡፡ የጃፓኖቹ የአመራረት ዘዴ፣ በተለይም የቶዮታው፣ በዓለም ሲስፋፋ ክምችት እንደ ብክነት ተቆጠረና ያው 500 ፍሬ በ10 ትዕዛዝ ሃምሳ ሃምሳ እየሆነ ይወጣ ጀመር፡፡ የተመረተው ዕቃ አንድ ፍሬ እንኳን ሳይጨምር የተበላው ቁጥር 10 እጥፍ ሆነ፡፡ በኢንተርኔት ማዘዝ ሲመጣ ደግሞ ቀድሞ በወር አንድ ጊዜ በጅምላ ያዝ የነበረ ደንበኛ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየነጠለ ማዘዝ ጀመረ፡፡ በቀን 400 ትዕዛዝ የሚያወጣ ፋብሪካ በዓመት 120,000 ቁጥር ስለሚፈጅ፣ ከ33 ዓመት የነበረው ዕድሜ ወደ 8 ዓመት ከ4 ወር ይወርዳል፡፡

ከሁሉም ይልቅ ብዙ ሥራ አስኪያጆች የማያውቁት ሌላ በላተኛ አለ፡፡ የማምረቻ ሶፍትዌር ማታ ማታ ወይም በየሳምንቱ የጥሬ ዕቃ ፍላጎትን ሲያሰላ «ይህን ያህል ማምረት ይኖርብሃል» እያለ የዕቅድ ትዕዛዞችን ያወጣል፡፡ ስሌቱ እንደ አዲስ በተሠራ ቁጥር የቀደሙት የዕቅድ ትዕዛዞች ተሰርዘው በምትካቸው ሌሎች ይወጣሉ፡፡ አዲሶቹ ደግሞ አዲስ ቁጥር ይወስዳሉ፡፡ የዕቅዱና የእውነተኛው ትዕዛዝ ቁጥር ከአንድ ቋት የሚቀዳ ከሆነ፣ ወደ ፋብሪካው ወለል ወርዶ የማያውቅ፣ አንድም ሠራተኛ ያላየው ትዕዛዝ ቋቱን ያራቁተዋል፡፡ እንዲህ ባለ ቤት ቁጥሩን የሚጨርሰው ደንበኛው ሳይሆን ዕቅዱ ነው፡፡

999,999 ሲሞላ

ቆጣሪው 999,999 ላይ ደርሶ አንድ ሲጨመርበት የሚሆነው ነገር እንደ ፕሮግራሙ አጻጻፍ ይለያያል፡፡ አርፒጂ በተባለው የአይቢኤም ቋንቋ የቀድሞ አጻጻፍ የተሠራ ከሆነ መደመሩ ይፈጸማል፤ ነገር ግን ከፊት የመጣችው 1 ቦታ ስለሌላት ዝም ተብላ ትጣላለች፡፡ የቀረው 000000 ነው፡፡ ማስጠንቀቂያ የለም፣ የስህተት መልዕክት የለም፡፡ ከ1994 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በመጣው በአዲሱ አጻጻፍ የተሠራ ከሆነ ግን ፕሮግራሙ «ውጤቱን የሚይዝ ቦታ የለኝም» ብሎ ይቆማል፡፡

የሚቆመው ይሻላል፡፡ ሥራ አስኪያጁ ሊናደድ፣ ስልክ ሊያንጫርር፣ ፋብሪካውም ግማሽ ቀን ሊከስር ይችላል፤ ነገር ግን የተበላሸ ነገር የለም፡፡ ዝም ብሎ የሚቀጥለው ፕሮግራም የሚያመጣው ጣጣ ከዚህ የከፋ ነው፡፡ 000001 የተባለው የዛሬ ትዕዛዝ ከብዙ ዓመታት በፊት ከተዘጋው 000001 ጋር ይጋጫል፡፡ አሮጌው ከዋናው ፋይል ተሰርዞ በታሪክ ፋይል ውስጥ ብቻ ካለ ኮምፒዩተሩ አዲሱን ይቀበልና የዛሬውን የሠራተኛ ሰዓትና የብረት ወጪ ከድሮው ወጪ ጋር ደምሮ ያሳያል፡፡ ትርፍና ኪሳራው ይዛባል፡፡ ስህተቱ የሚታወቀው ኦዲተር ሲመጣ ወይም አንድ ደንበኛ ያላዘዘው ዕቃ ሰነድ ሲደርሰው ነው፡፡

እንዲህ ያለው የቁጥር ወሰን ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል ለማየት ከማምረቻው ዘርፍ ትንሽ ወጣ ብሎ የአሜሪካውን አየር መንገድ ኮምኤርን መመልከት ይበቃል፡፡ የዴልታ አየር መንገድ ንብረት የነበረው ኮምኤር የአብራሪዎቹንና የበረራ አስተናጋጆቹን ምድብ የሚያወጣበት አሮጌ ሶፍትዌር በአንድ ወር ውስጥ ከ32,000 በጥቂቱ በላይ የሆነ የፕሮግራም ለውጥ ብቻ ነበር መመዝገብ የሚችለው፡፡ በታኅሣሥ 2004 (እ.ኤ.አ.) ኃይለኛ የበረዶ ማዕበል ተነስቶ በረራዎች ደጋግመው ሲቀያየሩ ቆጣሪው ሞላ፡፡ በፈረንጆች የገና ዕለት ወደ 1,100 የሚጠጉ በረራዎች ተሰረዙ፡፡ አውሮፕላኖቹ ደህና ነበሩ፣ አብራሪዎቹም ነበሩ፤ ማን የትኛው አውሮፕላን ላይ እንደሚመደብ የሚናገር አልነበረም፡፡ የኩባንያው ፕሬዚዳንት በቀጣዩ ወር ሥራቸውን ለቀዋል፡፡ ኮምኤር ይህንኑ ሶፍትዌር ለመተካት ለዓመታት ሲያስብና ሲያዘገይ የቆየ መሆኑ ነገሩን ይበልጥ መራራ ያደርገዋል፡፡

አዳዲሶቹም ቢሆኑ ከዚህ አላመለጡም፡፡ ቤዝካምፕ የተባለው የሥራ ማስተባበሪያ አገልግሎት በኅዳር 2018 (እ.ኤ.አ.) ቆጣሪው 2,147,483,647 ላይ ሲደርስ ለአምስት ሰዓት ገደማ ደንበኞቹ ማንበብ እንጂ መጻፍ አልቻሉም፡፡ በግንቦት 2021 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ የናስዳቅ ኮምፒዩተሮች ከ429,496 ዶላር ከፍ ያለ የአክሲዮን ዋጋ መያዝ የማይችሉ በመሆናቸው፣ የዋረን ቡፌት ኩባንያ የበርክሻየር ሃታዌይ አንደኛው አክሲዮን ወደዚያው ሲጠጋ ዋጋውን በአንዳንድ መስመሮች ማሰራጨት አቋርጠው ነበር፡፡ የአክሲዮን ዋጋ በጣም በመውደዱ ኮምፒዩተር ሲቸገር ማየት የቡፌትን ባለአክሲዮኖች ሳያስቅ አልቀረም፡፡

መፍትሔና ዋጋው

ወደ ፋብሪካው ስንመለስ፣ ባለሙያ ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው ርካሹን መንገድ ነው፤ ይኸውም የቆዩትን ትዕዛዞች ወደ መዝገብ ቤት አውጥቶ ከ1 እንደገና መጀመር፡፡ ሳሙናና ካርቶን ለሚያመርት ይህ ሊያስኬድ ይችላል፡፡ የመኪና ፍሬን ወይም የአውሮፕላን መለዋወጫ ለሚያመርት ግን አደገኛ ነው፡፡ ከ20 ዓመት በፊት የተሸጠ ዕቃ ጉድለት ተገኝቶበት ይሰብሰብ ቢባል በዕቃው ላይ የተመታው ቁጥር ሁለት ባለቤት ይኖረዋል፡፡ የደንበኛው ሒሳብ ክፍልም ያን ቁጥር «ከዚህ በፊት ተከፍሎበታል» ብሎ ክፍያ ሊከለክል ይችላል፡፡

የሽያጭ ሰነድ ቁጥር ከሆነ ደግሞ ሕግም ይገባበታል፡፡ የአውሮፓ ኅብረት የተጨማሪ እሴት ታክስ መመሪያ ሰነዱን ለይቶ የሚያሳውቅ ተከታታይ ቁጥር እንዲኖር ያዛል፡፡ በእኛም አገር ደረሰኝ የሚታተመው በግብር ባለሥልጣኑ ፈቃድ መሆኑን ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል፡፡

ቁጥርን ደግሞ መጠቀም የማይቀር ከሆነ የመኪና አምራቾች ያደረጉት ብልሃት ትምህርት ይሆናል፡፡ እ.ኤ.አ. ከ1981 ሞዴል ጀምሮ በ17 ቦታ የተወሰነው የመኪና ሻንሲ ቁጥር 10ኛው ቦታ ላይ የሞዴሉን ዓመት የሚናገር አንድ ምልክት አለው፡፡ ምልክቶቹ በ30 ዓመት አንዴ ያልቃሉ፡፡ በመሆኑም 1980ን ያመለክት የነበረው ፊደል ለ2010 ተመልሶ መጣ፡፡ የአሜሪካ የትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ሁለቱ እንዳይደባለቁ በ2008 ባወጣው ደንብ ለቤት መኪናዎችና ለቀላል ጭነት መኪናዎች 7ኛው ቦታ ላይ ቀድሞ አሃዝ የነበረው ከ2010 ሞዴል ወዲህ ፊደል እንዲሆን አደረገ፡፡ ርዝመቱ 17 እንደሆነ ቀረ፤ የማንም ቅጽ አልተቀየረም፡፡

ሁለተኛው መንገድ ከዚሁ ጋር ይመሳሰላል፡፡ የመጀመሪያውን አሃዝ በላቲን ፊደል መተካት ነው፡፡ ከአሃዞች ጋር የሚምታቱት «አይ» እና «ኦ» ቢቀሩ 24 ፊደል ይተርፋል፡፡ ከእያንዳንዱ ፊደል ጀርባ 100,000 ቁጥር ስላለ 2,400,000 አዲስ ቁጥር ተገኘ ማለት ነው፡፡ በዓመት 120,000 ለሚፈጀው ፋብሪካ 20 ዓመት ይሰጠዋል፡፡ ወጪውም ከሌሎቹ ሲነጻጸር ትንሽ ነው፡፡

ዳሩ ግን ጉዱ የሚወጣው በኋላ ነው፡፡ ቦታው ለአሃዝ ብቻ የተከለለ ከሆነ ፊደል ከቶ አይገባበትም፡፡ ቢገባም በአይቢኤም ትልልቅና መካከለኛ ኮምፒዩተሮች የፊደል ቅደም ተከተል ላቲኑ ከአሃዙ ይቀድማል፤ በሌሎቹ ኮምፒዩተሮች አሃዙ ይቀድማል፡፡ ስለዚህ በኤኤስ 400 በሚወጣ ዝርዝር ላይ ትናንት የተከፈተው አዲስ ትዕዛዝ ከአሮጌዎቹ ሁሉ በላይ ይወጣል፣ ያው ዝርዝር ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ሲዛወር ደግሞ ከሁሉም በታች ይሆናል፡፡ «ከዚህ ቁጥር በላይ ያሉትን አውጣ» ተብሎ የተጻፈ ፕሮግራም አዲሶቹን ትዕዛዞች ጨርሶ አያያቸውም፡፡ በፋብሪካው ወለል ላይ የሚለጠፈው ባር ኮድ አሃዝ ብቻ ከሚያነበው ዓይነት ከሆነም ፊደሉን ሊጽፈው አይችልም፡፡ ኤክሴል በበኩሉ በአሃዞች መሃል «ኢ» የምትባለውን ፊደል ካገኘ ትዕዛዙን እንደ ሒሳብ ቀመር ተርጉሞ ሌላ ቁጥር ያደርገዋል፡፡ ይህችን የመጨረሻዋን ብዙ ሒሳብ ሠራተኛ በራሱ ላይ ሳትደርስ አያምናትም፡፡

ሦስተኛው ቦታውን ማስፋት ነው፡፡ ትክክለኛው መፍትሔ ይኸው ነው፤ ውዱም ይኸው ነው፡፡ የትዕዛዝ ቁጥር በአንድ ፋይል ብቻ የሚኖር አይደለም፡፡ በመጋዘን፣ በሒሳብ፣ በጥራት፣ በማጓጓዣ ፋይሎች፣ በመቶዎች በሚቆጠሩ ፕሮግራሞች፣ በስክሪኖች፣ በታተሙ ቅጾችና በባር ኮድ ላይ ተበትኗል፡፡ አንዱ ቢዘነጋ የመጨረሻው አሃዝ ተቆርጦ ይቀራል፡፡ ደንበኞችና አቅራቢዎችም አሉ፡፡ በአሜሪካ ኩባንያዎች በኮምፒዩተር የሚለዋወጡበት የግዢ ትዕዛዝ ደረጃ ለቁጥሩ እስከ 22 ቦታ ይሰጣል፤ መንገዱ ሰፊ ሆኖ ሳለ በወዲያኛው ጫፍ ያለው የአቅራቢው አሮጌ ሶፍትዌር ግን 6 ብቻ ሊይዝ ይችላል፡፡

የአዲስ አበባ ነዋሪ ይህን በሌላ መልኩ ያውቀዋል፡፡ በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ 6 አሃዝ የነበረው የመደበኛ ስልክ ቁጥር አንድ አሃዝ ተጨምሮበት በ011 እንዲጀመር ሲደረግ፣ የስልክ ድርጅቱ ሥራ የለውጡ አንድ ክፍል ብቻ ነበር፡፡ ታፔላው፣ ማኅተሙ፣ የቢዝነስ ካርዱ፣ የደረሰኙ አናት፣ የመኪናው በር ላይ የተጻፈው ሁሉ መታረም ነበረበት፡፡

የአይቢኤም ተጠቃሚዎች ግን አንዲት ዕድል አላቸው፡፡ በእነዚህ ኮምፒዩተሮች «ፓክድ» በሚባለው አቀማመጥ ሁለት አሃዝ በአንድ ባይት ይገባል፤ የመጨረሻው ግማሽ ባይት የመደመር ወይም የመቀነስ ምልክት ይይዛል፡፡ 6 አሃዝ ከነምልክቱ ሦስት ባይት ተኩል ነው፡፡ ግማሽ ባይት ለብቻው ስለማይሰጥ የተያዘው 4 ባይት ነው፡፡ ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለአንድ አሃዝ የሚበቃ ቦታ ባዶውን ተቀምጧል፡፡ ፋይሉ 7 አሃዝ ተብሎ ቢታወጅ የመዝገቡ ርዝመት አይለወጥም፤ ፕሮግራሞቹ ግን እንደገና መጠናቀር፣ ስክሪኖቹና ቅጾቹም መታረም አለባቸው፡፡ በዓመት 120,000 ለሚፈጀው ፋብሪካ የተጨመሩት 9 ሚሊዮን ቁጥሮች 75 ዓመት ይቆዩታል፡፡ የሶፍትዌሩ ዋና ጽሑፍ በእጁ ላለ ፋብሪካ ከዚህ የተሻለ ርካሽ ነገር ማግኘት ይከብዳል፡፡ ዋናው ጽሑፍ ከጠፋ፣ የጻፈውም ሰው ጡረታ ወጥቶ ከሆነ ግን ያች ባዶ ቦታ እዚያው እንደታየች ትቀራለች፡፡

በጄዲ ኤድዋርድስ ሶፍትዌር የሚሠሩትን የሚያጋጥማቸው ሌላ ነው፡፡ ቁጥራቸው 8 አሃዝ በመሆኑ እስከ 99,999,999 ይሄዳል፡፡ የሽያጭ ትዕዛዝ የሚለየው በቁጥሩ ብቻ ሳይሆን በትዕዛዙ ዓይነትና በኩባንያው ኮድም ጭምር ስለሆነ፣ አዲስ የትዕዛዝ ዓይነት ወይም ኩባንያ በመክፈት ያንኑ ቁጥር ሳይጋጭ መጠቀም ይቻላል፡፡ የሥራ ትዕዛዙ ዋና ፋይል ግን መለያው ቁጥሩ ብቻ ነው፡፡ ለሻጩ የተከፈተው በር ለአምራቹ ዝግ ነው፡፡ የጀርመኑ ኤስኤፒ በበኩሉ ለሥራ ትዕዛዝ 12፣ ለሽያጭ ትዕዛዝ 10 ቦታ ሰጥቷል፡፡ ለእያንዳንዱ የተመደበው ክልል በተወሰነ መቶኛ ሲደርስም ማስጠንቀቂያ ያወጣል፡፡ ችግሩ ማስጠንቀቂያውን የሚያየው ትዕዛዙን የከፈተው ጸሐፊ መሆኑና ጸሐፊው በአንዲት ቁልፍ ማለፍ መቻሉ ነው፡፡

የቀረው ሶፍትዌሩን ጥሎ አዲስ መግዛት ነው፡፡ ሻጮች የሚወዱትም ይህንኑ ነው፡፡ ይሁን እንጂ የቸኮለ ለውጥ ምን እንደሚያመጣ የቸኮሌት አምራቹ የኸርሺ ታሪክ ይናገራል፡፡ ኸርሺ የ2000ን የኮምፒዩተር ችግር ለማምለጥ አሮጌ ሶፍትዌሮቹን በ112 ሚሊዮን ዶላር ሲተካ አራት ዓመት ይፈልግ የነበረውን ሥራ በ30 ወር ለመጨረስ ተነሳ፡፡ አዲሱ ሥራ የጀመረው በ1999 (እ.ኤ.አ.) ክረምት፣ ለሃሎዊን ከረሜላ የሚታዘዝበት ወቅት ሲጀምር ነበር፡፡ መጋዘኑ ቸኮሌት ሞልቶ ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት ትዕዛዝ ለመላክ አልተቻለም፡፡ የዚያ ሩብ ዓመት ትርፍም በ19 በመቶ ቀነሰ፡፡

በመሆኑም ዋናው ጥያቄ ስንት ቁጥር ቀረ ሳይሆን የቀረው ቁጥር ስንት ወር ነው የሚለው ነው፡፡ መልሱን ለማግኘት አማካሪ መቅጠር አያስፈልግም፡፡ የዛሬውን የመጨረሻ ቁጥርና የዛሬ ዓመት የነበረውን አቀናንሶ፣ የቀረውን ለልዩነቱ ማካፈል ይበቃል፡፡ ከዚያም የዕቅድ ትዕዛዞች ቋታቸው እንዲለይ ቢደረግ ብቻ ለአንዳንዱ ፋብሪካ ጥቂት ዓመታት ይተርፉታል፤ ገንዘብም እምብዛም አያስወጣም፡፡

ጊዜው ግን ለገዢው አመቺ አይደለም፡፡ ኤስኤፒ ለቀድሞው ትውልድ ሶፍትዌሩ የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ በ2027 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ እንደሚያቆም አስታውቋል፡፡ ተጨማሪ ለሚከፍሉት እስከ 2030 ድረስ ይዘልቃል፡፡ ይህን ያህል ኩባንያ በአንድ ጊዜ ወደ አዲሱ ሲሻገር ባለሙያው ይወደዳል፣ ወረፋውም ይረዝማል፡፡ የ18 ወር ቁጥር ብቻ የቀረው ፋብሪካ የለውጡን ውል ዛሬ ቢፈርም እንኳን ቁጥሩ ከፕሮጀክቱ ቀድሞ ማለቁ አይቀርም፡፡ ስለዚህ ብዙው አምራች መጀመሪያ የፊደሏን ብልሃት አስገብቶ ጊዜ ይገዛል፤ ስለ አዲሱ ሶፍትዌር ዋጋ የሚደራደረውም ከዚያ በኋላ ነው፡፡